ለንቦቹ እኔ ጭስ ነኝ

ባለፈው ኅዳር ማር ሲቆረጥ ለማየት ዳንግላ፣ አጎቴ ጋ ሄጄ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከንብ ጋር ያለኝ ዝምድና ከዳቦና ማር አያልፍም። አጎቴ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቀፎ ጋር ኖረዋል።

ማር የሚቆረጠው ሲመሽ ነው። እሳቸው ቀፎውን ሲከፍቱ እኔ ገል ላይ የሚጨስ ኩበት ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ እጄም ይንቀጠቀጣል። ዝምታው ሲከብደኝ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን አብረዋቸው ኖረው ንቦቹ አይለዩዎትም?»

«ምኔን ይለዩታል? ለእነሱ እኔ ጭስ ነኝ። ይልቅ ገሉን ወደዚህ አስጠጋ።»

ይቺ ነገር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣችም።

ከተመለስኩ በኋላ ስለ ንብ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝኩ። ንብ ሞኝ አይደለችም። አበባ ያገኘች ንብ ጨለማው ቀፎ ውስጥ ገብታ ትጨፍራለች፤ ጭፈራዋም አድራሻ ነው። እየተወዛወዘች ቀጥ ብላ ወደ ላይ ከሄደች «ወደ ፀሐይ ብረሩ» ማለቷ ነው። ወደ ቀኝ 40 ዲግሪ ካዘነበለች ደግሞ ከፀሐይ በስተቀኝ 40 ዲግሪ። ቦታው ሲርቅ ውዝዋዜው ይረዝማል። ይኼን የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ዓይኗም ሌላ ነው። እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ታያለች። ለእኛ ድፍን ቢጫ የሆኑ ብዙ አበቦች ለእሷ መሃላቸው የጠቆረ ነው፤ «ወለላው እዚህ ነው» የሚል ምልክት። አበባ ስንት ዓመት አይቻለሁ፣ እሷ የምታየውን ግን አንድም ቀን አላየሁም። ቀይን ደግሞ እኛ እናያለን፣ ለእሷ ጨለማ ነው።

ወደ ጭሱ ልመለስ። ንብ ጭስ ሲሸታት ቶሎ ብላ ሆዷን በማር ትሞላለች። እሳት መጣ፣ ስንቅ ይያዝ ነው ነገሩ። በእሷ ዓለም ትክክል ናት፤ ጭስ ባለበት እሳት አለ። ከጭሱ ኋላ ግን አንድ ሽማግሌ አለ፣ የዳንግላ ገበያ አለ፣ ለበዓል የሚጣል ጠጅ አለ፣ የልጅ ልጅ ደብተር መግዣ አለ። አንድ ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋስ አላት። ቢነግሯትስ የደብተርን ነገር በምኗ ትይዘዋለች?

እኛ ያለን 86 ቢሊዮን ገደማ ነው። ብዙ ነው። ግን ለምን ያህል ነገር ይበቃል?

የከዋክብት ተመራማሪዎች እንደሚሉት ኮከቡ፣ መሬቱ፣ ጋዙ፣ እኔና እርስዎም ተደምረን ከጽንፈ ዓለሙ 5 በመቶ ገደማ ነን። 27 በመቶ ያህሉን ጨለማ ቁስ፣ የቀረውን 68 በመቶ ጨለማ ኃይል ብለውታል። ቁሱን ያየው የለም፤ የሚታወቀው ጋላክሲዎችን ሲስብ ነው። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ልናገር፦ 95 በመቶውን «ልዩ ልዩ» ብዬ ብዘጋው አለቃዬ በማግሥቱ ያባርረኛል። እነሱ ግን ቢያንስ ልዩ ልዩው ስንት እንደሆነ ለክተዋል። ንቧ ጭሱን አልለካችም።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። «አይታወቅም» ሲባል የራሱን መልስ ይዞ የሚሮጥ ሰው። ከጭሱ ኋላ አንድ ነገር ቢኖር እንኳ እሱ የሚያስበውን ይመስላል ያለው ማነው? ንቧ ብትገምት ትልቅ ንብ ነው ልትል ትችላለች።

ሰሞኑን ይኼን ሁሉ ለአጎቴ በስልክ አወራሁላቸው። ስለ ፀሐዩና ስለ ዲግሪው ስነግራቸው «እንዴ!» አሉ። ስለ ጽንፈ ዓለሙ ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ፦

«አንተ ደግሞ እኔ የማውቃቸው መሰለህ? አምና አንዱ ቀፎ ሙሉውን ጥሎኝ ሄደ። ማር አለ፣ ውኃ አለ፣ ጉንዳን የለ። ምን አስከፋቸው? እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

«ታዲያ ቀፎውን ምን አደረጉት?»

«ምን አደርገዋለሁ? በወይራ አጥኜ መልሼ ሰቀልኩት።»