«መድኃኒት ቤቴ አንድ ነው፤ በሩ ነው ሦስት»

ለመድኃኒት ቤቶች የስቶክ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ሠርቼ መሸጥ ስጀምር፣ የተጠቃሚ ውሉን የጨረስኩት በአንድ ምሽት ነው። የአንድ የውጭ ኩባንያ ውል ከኢንተርኔት ገለበጥኩ፤ ስሙን በራሴ ስም ቀየርኩ፤ «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ ጨመርኩበት። 14 ገጽ እንግሊዝኛ። እኔ ራሴ ሙሉውን አላነበብኩትም። ያኔ አንድ ሰው «ተው» ቢለኝ ኖሮ እያልኩ ዛሬም እቆጫለሁ።

ሶፍትዌሩን በቅጂ መብት ስለማስመዝገብ ባጭሩ። አንድ ቢሮ «መጀመሪያ አስመዝግብ፣ ከዚያ ትዋዋላለህ» ብሎ ሳምንት ሙሉ አመላለሰኝ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ የሚያገኘው ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ምዝገባ ለማስረጃ ይጠቅማል። ለመዋዋል ግን አትጠብቁት።

ጉዱ የመጣው በአንድ ደንበኛዬ ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ። አንድ ላይሰንስ፣ ማለትም ሶፍትዌሩን የመጠቀም ፈቃድ፣ ገዙ። ከዓመት በኋላ ለጥገና ስሄድ የስቶክ ሪፖርቱ ላይ «ቅርንጫፍ 3» የሚል አየሁ። የእህታቸው ልጅ በፍላሽ ገልብጦ ሌሎቹ ሁለት ሱቆች ላይ ጭኖታል። ደሜ ፈላ።

«ልጄ፣ መድኃኒት ቤቴ እኮ አንድ ነው፤ በሩ ነው ሦስት» አሉኝ። ከልባቸው ነበር።

ቤቴ ገብቼ ውሉን ሳገላብጥ «በማንኛውም ጊዜ የማቋረጥ መብት» የሚል አንቀጽ አገኘሁ። በዚያው ማታ ሶፍትዌሩን ከርቀት ዘጋሁት። ሦስቱንም ሱቅ። ለሁለት ቀን የትኛው መድኃኒት ጊዜው እንዳለፈበት ማየት አልቻሉም። ስሄድ ፋርማሲስቷ ወንበር ላይ ቆማ እያንዳንዱን ፓኮ እያገላበጠች ቀኑን በእስክሪብቶ ትመዘግባለች። ቀና ብላ አየችኝ፤ አንድም ቃል አልተናገረችም። ያንን ማድረግ አልነበረብኝም።

ያኔ ግን እልኸኛ ነበርኩ። ልከስ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ውሉን አንብቦ «ክርክሩ የሚታየው በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ነው ይላል» አለኝ። ቀጥሎ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1686 አወጣ። አንዱ ወገን ብቻውን ያዘጋጀው የንግድ ውል ሌላውን የሚያስገድደው፣ ሰውዬው አውቆ ከተቀበለው ነው። ጋሼ እንግሊዝኛ አያነቡም። ደግሞስ «እስማማለሁ»ን ማን ተጫነው? እኔ ነኝ፤ ሶፍትዌሩን ስጭንላቸው በራሴ ጣት።

አሁን ውሌ ሁለት ገጽ አማርኛ ነው። «አንድ ላይሰንስ ማለት በአንድ አድራሻ ያለ አንድ ሱቅ፣ እስከ 3 ኮምፒውተር» ብዬ ጻፍኩ። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ከ14ቱ ገጽ ትበልጥብኛለች። ለባካፕ (ለመጠባበቂያ ቅጂ) መገልበጥ ይፈቀዳል። ዳታው የደንበኛው ነው። የክፍያ ቀን ካለፈ አዲስ ሽያጭ መመዝገብ ይቆማል፤ ስቶኩንና የመድኃኒቶቹን ቀን ማየትና ማተም ግን አይቆምም። ውሉን ገንዘብ ከመቀበሌ በፊት ቁጭ ብለን አብረን እናነበዋለን። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ግብይት እውቅና እንደሚሰጥ አውቃለሁ። እኔ ግን አትሜ በወረቀት አስፈርማለሁ።

ጠበቃዬ «በማንኛውም ጊዜ የማቋረጥ መብት» የሚለውን መልሰህ አስገባ ይለኛል፤ ሁሉም ያስገባዋል ይላል። አላስገባም።

ጋሼ ግን አልተመለሱም። አዲሱን ውል ይዤ ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ቡና አስፈልተው አስተናገዱኝ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሌላ ሰው ሶፍትዌር ተከፍቶ ነበር።