ከበርሜሉ ስር

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንሽላሊቷ ወጣች። ከግቢያችን የውሃ በርሜል ስር መጀመሪያ ጭንቅላቷ ታየ፣ ቀጥሎ የፊት እግሮቿ። ሲሚንቶው ላይ ሆዷን ለጠፍ አድርጋ ተኛች፤ ጎኗን ለፀሐይ ሰጠች። እኔ ሻዬን ይዤ ደረጃው ላይ ነበርኩ። የጠበቅኳት ጅራቷን ለማየት ነው።

ነገሩ የሆነው የዛሬ አምስት ሳምንት ነው። ውሃ መጥቶ ስለነበር ሃያ ሊትር ጀሪካን ሞልቼ በርሜሉ አጠገብ ዘጭ አደረግኩት። አላየኋትም። ስትፈተለክ ብቻ አየሁ፤ ጅራቷ ግን ቀርቷል። ብቻውን ይወራጫል። ይጠመዘዛል፣ ይዘላል፣ ትንሽ ያርፍና እንደገና ይጀምራል። ደቂቃዎች ቆይቶ ቀስ እያለ ዝም አለ። ደም ፈልጌ ነበር፤ ጠብታ እንኳ አላገኘሁም። ከዚያ ጉንዳኖች መጡ።

ቀኑን ሙሉ ደስ አላለኝም። ልጆች ሆነን እዚሁ ድሬዳዋ፣ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ እነዚህን እንሽላሊቶች በድንጋይ እናሳድድ ነበር። ያኔ የሚወራጨው ጅራት ጨዋታችን ነበር። ባለጅራቷ የት እንደገባች፣ ምን እንደሆነች አንዳችንም ጠይቀን አናውቅም።

አሁን ጠየቅኩ፣ አነበብኩ። ጅራታቸው ከሰውነታቸው የሚረዝም፣ ጀርባቸው ላይ መስመር ያለባቸው እነዚህ ፈጣን የአሸዋ እንሽላሊቶች ጅራታቸው የሚበጠሰው በመገጣጠሚያው በኩል አይደለም። አከርካሪው አጥንት መሃል ላይ ከተፈጥሮው የሳሳ ቦታ አለ። እንስሳዋ ራሷ ጡንቻዋን አኮማትራ ትለቀዋለች። የደም ስሮቹም ወዲያው ይጠባሉ፤ ለካ ደም ያጣሁት ለዚህ ነው። እባቡ ወይም ወፉ በሚወራጨው ጅራት ሲታለል እሷ ታመልጣለች።

ዋጋው ግን ከባድ ነው። ጅራቷ ስብ የምታስቀምጥበት ጓዳዋ ነው። ስትሮጥም ሚዛኗን የምትጠብቀው በሱ ነው። እኔ የክፉ ቀን ስንቋን ነው ያስጣልኳት። ይህን ሳውቅ ይበልጥ አዘንኩላት።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አያታለሁ። ሰውነቷ እንደኛ የራሱን ሙቀት አያመነጭም፤ ከፀሐይ ትበደራለች። ሌሊቱን ቀዝቅዛ ስለምታድር መጀመሪያ እንቅስቃሴዋ ዝግ ይላል። ሞቅ ሲላት ትነቃለች፤ ጉንዳን፣ ዝንብ፣ ምስጥ ታድናለች። ሁለት ሦስቴ ሮጣ ቆም፣ ምላሷን ብልጭ። ሽታ የምትለየው በምላሷ ነው። ከሁሉ የገረመኝ አናቷ ነው፤ በስስ ቅርፊት የተሸፈነ ሦስተኛ ዓይን አላት። ምስል አታይበትም። ብርሃንን ትለካበታለች፤ ፀሐይ ላይ ምን ያህል መቆየት እንዳለባትም ይረዳታል።

አምስት ሰዓት ገደማ ከጥላ ወደ ጥላ መዝለል ትጀምራለች። ስድስት ሰዓት ላይ የለችም። በዚያ ሰዓት ድሬም ያው ናት። ሱቁ ገርበብ ይላል፤ ወንዱ በሽርጡ ምንጣፍ ላይ ጋደም፣ መንገዱ ላይ የኒም ዛፍ ጥላ ብቻ። አስር ሰዓት ሲሆን ነፋሱ ይመጣል፣ ሰፈሩ ይነቃል፣ እሷም ትወጣለች። የዚህን አገር ሙቀት በጉልበት የሚያሸንፈው የለም፤ ሰዓቱን ማወቅ ነው። እሷ ይህን የምታውቀው ከኛ ሁሉ በፊት፣ ባቡሩ በ1902 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እዚህ ሳይደርስና ከተማው ሳይቆረቆር ነው።

ውሃዋንም አታባክንም። አብዛኛውን የምታገኘው ከምትበላቸው ነፍሳት ነው። ሽንቷ ፈሳሽ አይደለም፤ ኩሷ ጫፍ ላይ ያለችው ነጭ ነገር ሽንቷ ናት። እማ ሲሚንቶውን ስትጠርግ በዚያች ነጭ ነገር ስታማርር ነው የኖረችው።

ዛሬ ያየሁት ይህ ነው። አዲሱ ጅራት የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህላል። ጠቆር ያለ ግራጫ ነው፤ የጀርባዋ መስመሮች ስብራቱ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። ውስጡ ከእንግዲህ አጥንት አይኖረውም፤ እንደ ጆሯችን ያለ የሚተጣጠፍ ነገር ነው። ግን አድጓል። ሻዬ ቀዝቅዞ እስኪቀር አየኋት።

እማን ጠርቼ አሳየኋት። ድሮ «ምግብ ላይ ከወደቀች ትመርዛለች፣ አባሯት» ነበር የምትለው። ዛሬ ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አየቻት።

«እሷ ናት እንዴ ያቺ?» አለችኝ።

«አዎ እማ።»

ነገ ተራችን ነው፣ ውሃ ይመጣል። ጀሪካኖቹን ከበርሜሉ ወዲህ፣ ግድግዳው ጥግ አዛውሬያለሁ።