ለአራት ዓመት ልጅ ምን ይገዛል?

ለልጅ ስጦታ ልገዛ ስል መጀመሪያ የምሄደው ሱቅ ሳይሆን ልጁ ቤት ነው። ቁጭ ብዬ አያለሁ። ማንም ሳያዘው ደጋግሞ የሚያደርገው ምንድን ነው? የእህቴ ልጅ (እዚህ ሚጣ እንበላት) አራት ዓመት ሊሞላት ሲል ሄጄ ያየሁት እቃ እቃ ብቻ ነው። ክዳን ትጥዳለች፣ ቅጠል ትከትፋለች፣ አሻንጉሊቷን ትቆጣለች። በባትሪ የሚዘፍነው መኪናዋ አልጋ ስር አቧራ ለብሷል። ስለዚህ መኪና ተሰረዘ።

ሾላ ገበያ ሸክላ ከሚሸጡት ሴቶች ዘንድ ትንሽዬ ጀበና አገኘሁ። የእውነት ጀበና ናት፣ ግን ከመዳፌ ብዙም አትበልጥም። ስኒዎቹን ፕላስቲክ አደረግኳቸው፤ በዚህ ዕድሜ ስኒ መውደቁ አይቀርም፣ ስብርባሪ ደግሞ ለባዶ እግር አይሆንም። ከዚያ ቁጭ ብዬ ቡና ጠጣሁ፣ ማለቴ ውሃ። አቦል ትቀዳለች፣ ቶና ትቀዳለች፣ በረካ ሳይጠጡ መነሳት የለም። ስልኬን ካወጣሁ "ቡና ላይ ስልክ የለም!" ትላለች፤ ከማን እንደሰማችው እናቷን ጠይቁ። እናቴ ደግሞ ስኒ በተቀበለች ቁጥር "እደጊልኝ የኔ እናት" እያለች ስለምትመርቃት ጨዋታው ማለቂያ የለውም።

እኔ የገባኝ ይሄ ነው፤ ጀበናዋ የሚጋበዝ ሰው ትፈልጋለች። የሚዘፍነው መኪና ግን ራሱ ይዘፍናል፣ ራሱ ይሄዳል፣ ልጅቷ ቆማ ታየዋለች። ስለዚህ አሁን ማንኛውንም ነገር ከመግዛቴ በፊት "እኔ እዚህ ውስጥ ምን እሰራለሁ?" ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱ "ምንም" ከሆነ እተወዋለሁ።

ዕድሜ ላይ ግን ቀልድ የለም። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቀላሉ መለኪያ የሶፍት መሃል ላይ ያለው ካርቶን ነው፤ በዚያ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ጉሮሮ ሊያንቅ ይችላልና አይሰጥም። እንደ ሳንቲም ያለችው ክብ ባትሪ ደግሞ የባሰች ናት። ከተዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ እንኳን ጉሮሮን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። የባትሪው ክዳን በብሎን ካልታሰረ ያንን አሻንጉሊት ቤት አላስገባም። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭም ወዲያው ይለቀማል።

ሽርሽር ላይ ያየሁት ደግሞ ልጅ ከመድረሻው ይልቅ መንገዱን እንደሚወድ ነው። እሁድ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ከአያት ቀላል ባቡር ይዘን ስታዲየም ወረድን። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እሷ አልተወለደችም፤ ለእኔ ግፊያ ነው፣ ለእሷ ግን ትልቅ መጫወቻ። ፊቷን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ከፊት ለፊት ሌላ ባቡር በመጣ ቁጥር "መጣ! መጣ!" ትላለች። ቀኑ እዚያው ቢያልቅ ምንም ቅር አይላትም ነበር።

እኔ ግን አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ወሰድኳት። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር መገኘቷ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ማስቆጠሯ ለአራት ዓመት ልጅ ምኗም አይደለም። ቁመቷ ግን 1 ሜትር ከ10 ገደማ ነው። ይሄ ገባት! ከመስታወቱ ማዶ በቆመው ቅጂ ፊት ለፊት ተንጠራርታ "ትንሽ ነው የምትበልጠኝ" አለች። ቀጥሎ "እናቷ የት አለች?" መጣ። ምን ትመልሳለህ? ሌላውን ሁሉ ሳናይ ወጣን፤ ልጅ ጠግቦ ሳይሰለች መውጣት ጥሩ ነው፣ የመግቢያው ብር ቢያንገበግብም።

ቤት ስንመለስ ድንቅነሽን በሊጥ ሰራናት። የመጫወቻ ሊጥ ለመስራት 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ 1 ኩባያ ውሃ ይበቃል፤ ውሃው ቀስ እያለ ይገባል፣ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ይታሻል። ለቢጫ እርድ፣ ለቀይ የቀይ ሥር ውሃ። ሚጣ እጇን እስከ ክርኗ ነክራ፣ ዱቄቱ ቅንድቧ ላይ ደርሶ፣ አንዱን እግር ረጅም ሌላውን አጭር አድርጋ "እያነከሰች ነው" አለችኝ። ያገኘውን ሁሉ አፉ ለሚከት ልጅ ግን ይሄ ሊጥ አይሆንም፣ ጨው ብዙ ነው።

አሜሪካ ያለችው አክስቴ ታብሌት ልላክላት ስትለኝ እንዳትልክ ለመንኳት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል፤ ያንን ደግሞ የእናቷ ስልክ ሞልቶታል። ወፍራም ከለሮችና የስዕል ደብተር ላከች። ደብተሩ ቶሎ አለቀ፣ አሁን በካርቶን እየቀጠልን ነው።

የአጎት የአክስት ልጆች የሚሰበሰቡበት ቀን ከሆነ ደግሞ ለአንዷ ብቻ ይዞ መግባት ጦርነት ነው። ያን ቀን ኳስ ብቻ ይዤ እገባለሁ፣ ስጦታዋን በሌላ ቀን።

ለቡሄ ከአሁኑ ጅራፍ አምጣልኝ ብላኛለች። ጅራፍ ገና ነው፣ ዓይን ያጠፋል። ሙልሙሉን ግን አብረን እንጋግራለን፤ እናቴ የራሷን ትንሽ ሊጥ ልትሰጣት ቃል ገብታለች፣ በሩን ለሚያንኳኩት ልጆችም ራሷ ናት የምታድለው።