ሆባርት ወይስ ዱኒዲን፦ የደቡቡን ብርሃን ፍለጋ

ሜልቦርን መኖር ከጀመርኩ ወዲህ አውሮራ አውስትራሊስ የሚባለውን የደቡብ ሰማይ ብርሃን በዓይኔ ሳላይ እንዳልቀር እመኝ ነበር። በሜይ 2024 እ.ኤ.አ.፣ ከ2003 ወዲህ ያልታየ ኃይለኛ የፀሐይ ማዕበል ምድርን በመታበት ምሽት፣ ብርሃኑ ከሜልቦርን ዳርቻዎች ሳይቀር ሲታይ እኔ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ። በማግስቱ ባልደረቦቼ በስልካቸው ያነሱትን ቀይ ሰማይ እያሳዩኝ ሲደነቁ፣ ብርሃኑ ደጄ ድረስ እስኪመጣ መጠበቁን ትቼ ወዳለበት ለመሄድ ቆረጥኩ።

ሁለት ከተሞችን መረጥኩ። አንደኛው የአውስትራሊያ ደሴት ክፍለ ግዛት የሆነችው የታዝማኒያ ዋና ከተማ ሆባርት ሲሆን፣ ሁለተኛው በኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት የሚገኘው ዱኒዲን ነው። መጀመሪያ ልቤ ያዘነበለው ወደ ዱኒዲን ነበር። ካርታው ላይ ሲታይ ሆባርት በ43 ዲግሪ ደቡብ ገደማ፣ ዱኒዲን ደግሞ በ46 ዲግሪ ገደማ ስለሚገኙ፣ ወደ ደቡብ የቀረበው ብርሃኑን የበለጠ ያያል ብዬ አስቤ ነበር። ነገሩን ሳጠና ግን የተሳሳትኩት እዚህ ላይ እንደሆነ ተረዳሁ። ብርሃኑን የሚፈጥሩት፣ ከፀሐይ የሚወረወሩት ቅንጣቶች የሚመሩት በምድር መግነጢሳዊ መስክ ስለሆነ፣ ለዚህ ጉዳይ የሚለካው ርቀት ከመግነጢሳዊው ዋልታ ያለው ነው፤ ያ ዋልታ ደግሞ ከአውስትራሊያ በስተ ደቡብ፣ በአንታርክቲካ የባሕር ዳርቻ አጠገብ ይገኛል። በዚህ ልኬት ሁለቱ ከተሞች ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው። የአርጀንቲናዋ ኡሽዋያ ወደ 55 ዲግሪ ደቡብ ወርዳ ሳለች ብርሃኑን ለማየት የማትመረጠውም ከዚያ ዋልታ በጣም ስለምትርቅ ነው።

ካርታው ካልለየልኝ የሚለይልኝ ጊዜ ነበር። ፀሐይ ላይ ፍንዳታ ሲከሰት የተወረወረው ቁስ ምድር ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይወስድበታል። የመጨረሻው አስተማማኝ መረጃ የሚገኘው ግን ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው ከተቀመጡት ሳተላይቶች ስለሆነ፣ ያኔ የሚቀረው ጊዜ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከወራት በፊት ትኬት የቆረጠ ሰው ፀሐይ ጸጥ ባለችበት ሳምንት ሊደርስ ይችላል፤ ማስጠንቀቂያው ሲወጣ የሚነሳ ሰው ግን የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ከሜልቦርን ሆባርት በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ተኩል ያነሰ መንገድ ሲሆን ፓስፖርትም አያስፈልግም። ዱኒዲን ለመድረስ ግን የታዝማንን ባሕር ማቋረጥ የግድ ስለሆነ፣ ለእንደ እኔ ያለ የፈረቃ ሠራተኛ በሁለት ቀን ማስጠንቀቂያ የሚሞከር አልነበረም። በእርግጥ ሙሉ ሳምንት ዕረፍት ላለው ሰው ዱኒዲንን ከመምከር ወደኋላ አልልም፤ የኦታጎ ልሳነ ምድር ጨለማ የባሕር ዳርቻዎች ከከተማው ብዙም አይርቁም፣ በጫፉም በታያሮአ አልባትሮስ የሚባሉት ታላላቅ የባሕር ወፎች ጎጆ ሠርተው ይራባሉ።

ለሆባርት ያደላሁበት ሌላ ምክንያትም አለኝ። ከተማው 1,271 ሜትር ከፍታ ባለው የዌሊንግተን ተራራ ጥላ ሥር በመሆኑ፣ ከምዕራብ የሚመጣው ዝናብ ብዙው ተራራው ላይ ይቀርና ከአውስትራሊያ የክፍለ ግዛት ዋና ከተሞች ከአደሌድ ቀጥሎ ዝናብ የሚያንሰው እርሱ ነው። የአውሮራ ትልቁ ጠላት ደመና ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ማስጠንቀቂያው የወጣው በመስቀል ማግስት ነበር። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ የፀሐይ ነፋስ መግነጢሳዊ መስክ ከምድር መስክ ጋር በቀላሉ ስለሚገናኝ፣ ወቅቱም የተመቸ ነበር። ከአክስቴ ልጅ ጋር ሆነን በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሆባርት ደረስን፤ መኪና ተከራይተንም ሳይመሽ ወደ ሳውዝ አርም ልሳነ ምድር አቀናን። በታዝማኒያ ሲጨልም ዋላቢ የሚባሉት ካንጋሮ መሰል እንስሳት መንገድ ላይ ስለሚወጡ፣ በቀን ብርሃን መድረስን አጥብቄ እመክራለሁ።

ጎት ብላፍ ከሚባለው ገደል ላይ ቆመን ስናይ ከፊታችን ከባሕሩ በቀር ምንም አልነበረም። ጨረቃ አልወጣችም። ነፋሱ ከባድ ስለነበር እናቴ የላከችልኝን ጋቢ ተከናንቤ፣ በየጥቂት ደቂቃው ሌንሱ ላይ የሚያርፈውን የባሕር ርጭት በጫፉ እጠርግ ነበር። ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከአድማሱ በላይ አመድማ ነገር ተዘረጋ።

«ጋሼ፣ ደመና መጣብን እኮ» አለኝ የአክስቴ ልጅ፣ ድምፁ ቅር ብሎት።

«ቆይ፣ ከዋክብቱን እያቸው» አልኩት። በዚያ አመድማ ነገር ውስጥ ከዋክብቱ ሳይደበዝዙ ይታዩ ነበር፤ ደመና ቢሆን ኖሮ በሸፈናቸው ነበር። ካሜራውን ለ10 ሰከንድ ከፍቼ ስዘጋው፣ በካሜራው ትንሽ ማያ ገጽ ላይ ከታች አረንጓዴ፣ ከላይ ደማቅ ቀይ ሆኖ ወጣ። አረንጓዴውን የሚሰጠው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ኦክስጅን ሲሆን ቀዩ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ካለው ስለሚመጣ፣ እንደ እኛ ርቆ ለሚያይ ሰው የታችኛው በምድር ጉብታ እየተሸፈነ የላይኛው ቀድሞ ይታየዋል። የሰው ዓይን በጨለማ ቀለም የመለየት አቅሙ ስለሚዳከም ነበር ደመና የመሰለን።

ከዚያ በኋላ ካሜራው አላስፈለገንም። አመድማው ነገር ተሰነጣጥቆ እንደ ረጃጅም የብርሃን ዓምዶች ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ዓምዶቹም አንዱ ሲደምቅ ሌላው እየፈዘዘ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቀስ ብለው ተጓዙ፣ ጫፋቸውም በዓይን የሚለይ ደብዛዛ ቀይ ነበር። የአክስቴ ልጅ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ። እኔም የሜይውን ሌሊት ቁጭት በዚያች ሰዓት ረሳሁት። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየልን፤ ከዚያ ከደቡብ ምዕራብ እውነተኛው ደመና መጥቶ ከዋክብቱን አንድ በአንድ ሸፈናቸው። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ጠብቀን፣ ብርሃኑ ተመልሶ ባይመጣም፣ መኪናውን በዝግታ እየነዳን ወደ ከተማው ተመለስን።