«ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ»

ትናንት ልጄ ሳሎን ውስጥ ዕቃ ዕቃ ስትጫወት በር ላይ ቆሜ አየኋት። አራት ዓመቷ ነው። በቆርኪ ቡና አፈላች፣ ለአሻንጉሊቷ ቀዳችላት። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ «ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ!» አለች።

ሳቄ መጣ። ቆይቶ ግን ከነከነኝ። እኛ ዕቃ ዕቃ ስንጫወት እናት እንሆን ነበር፣ እንግዳ እንሆን ነበር። እሷ የምትጫወተው ለተመልካች ነው።

እኔ ያደግኩት በጎረቤት ቴሌቪዥን ነው። መዝጊያ ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ፣ ዳንቴል የለበሰ። ሰዓቱ ሲደርስ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ምንጣፉ ላይ እንደረደራለን። እግሩ የቆሸሸ ልጅ ታጥቦ እንዲመለስ ይባረራል። ምስሉ ሲረበሽ አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል።

«መጣ?»

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

«ኧረ ሄደ፣ መልሰው!»

ከዚያ አባባ ተስፋዬ ይመጣሉ። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ሲሉ እያንዳንዳችንን በስም የጠሩን ይመስለን ነበር። አንድ እጃቸውን ያጡ መሆናቸውን እንኳ ልብ ያልኩት አድጌ ነው። ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረው ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ስንቱ ጎልማሳ የገዛ አያቱ የሞቱበት ያህል አዘነ።

የድሮው ሁሉ ጥሩ ነበር ልል አይደለም። ጣቢያው አንድ ነበር፣ ስብሰባው አያልቅም ነበር። ለአንዲት ተረት ብለን ስንት ዜና ችለናል! ከዚያ ወዲህም ለልጆች ጥሩ ነገር ተሠርቷል። ቀጭኔዋ ፀሐይ በአማርኛ ስንቱን ልጅ አስተምራለች። ግን ዲሹ መጣ፣ ጣቢያው በዛ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ሲከፈት የቱርክ ድራማ አማርኛ መናገር ጀመረ። ማታ ማታ ሕፃኑም ከእናቱ ጭን ላይ ሆኖ ባልና ሚስት ሲካካዱ ያይ ጀመር። ቢያንስ ያኔ ግን አጠገቡ ሰው አለ። «ዓይንህን ጨፍን» የሚለው አለ።

ስልኩ ነው ያሸነፈኝ። ማንንም መውቀስ አልችልም፤ ሽሮው እንዳያርብኝ ብዬ የሰጠኋት እኔ ነኝ። «አንድ ብቻ» እላታለሁ። አንዱ ሲያልቅ ግን ሌላው ራሱ ይጀምራል። አባባ ተስፋዬ «ደህና ሁኑ ልጆች» ብለው ይሄዱ ነበር፤ እኛም ወደ ውጭ ሮጠን ተረቱን እንጫወተው ነበር። ይኼኛው አይሰናበትም። ስልኩን ስቀማት የምታለቅሰውን ለቅሶ ጎረቤት ቢሰማ ደበደበቻት ይላል።

ቋንቋውም ሌላ ጣጣ ነው። ዝናብ ሲጥል «ሬይን! ሬይን!» ትላለች። እማዬ «ምን አለች?» ብላ እኔን ትጠይቀኛለች። በአያትና በልጅ ልጅ መሃል አስተርጓሚ ሆኛለሁ፣ ያውም አዲስ አበባ ላይ ቁጭ ብዬ።

ዛሬ ማታ መብራት ጠፋ። የስልኬም ባትሪ አልቆ ነበር። እማዬ ሻማ አብርታ ልጅቷን አጠገቧ አስቀመጠችና «ተረት ተረት» አለች። ጠበቀች። ልጄ ወደ እኔ ዞረች።

«የላም በረት» አልኩ እኔ።

ስለ ጦጣና ስለ አንበሳ ነበር። እማዬ ጦጣዋን ስትሆን ድምጿን ታቀጥናለች፣ አንበሳው ጋ ስትደርስ ሻማው እስኪርገበገብ ታገሳለች። ልጄ አፏን ከፍታ ሰማች። ሲያልቅ በጣቷ የእማዬን ጉልበት ነካ ነካ አደረገችው።

«ቀጣዩስ?»

«ቀጣዩ ነገ ማታ ነው።»

«ኖ፣ አሁን!»

እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ሻማውን እፍ አለችው።