አክሱም ላይ መሠረት ከመቆፈራችሁ በፊት

አክሱም ውስጥ ቤት ልትሠሩ ካሰባችሁ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ከማጠያየቃችሁ በፊት ከሥሩ ቅርስ እንዳለ መሬቱን አስፈትሹ። የአክሱም ሐውልት ከሮም ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2008 ከመተከሉ በፊት ቦታው በመሣሪያ ሲፈተሽ ከሥር የመቃብር ክፍሎች ታይተዋል። በዚህ ከተማ ባዶ የሚመስል መሬት ባዶ አይደለም።

የእኔም አጀማመር ቀላል ነበር። ካርታ፣ ፕላን፣ ማመልከቻ። የቅርስ ባለሙያዎች መጡ፤ ግቢውን በእግራቸው አሰሱ፤ ገል ለቀሙ፤ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፈሩ። ብዙም ሳይጠልቅ ጥርብ ድንጋይ ብቅ አለ። የአክሱም ዘመን ግድግዳ ነው አሉኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው እስካሁን የሚያናድደኝ። «ምንም እንዳትነካ፣ ደብዳቤ ይመጣል» ተባልኩ። ደብዳቤው የለም። ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። እንደገና ስሄድ ጉዳዩ አዲስ አበባ ተልኳል። አዲስ አበባ ስደውል አልደረሰንም። ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ክረምት ገባ። ልሸፍነው ስል «አትንካ አልተባልክም?» አሉኝ። አንድ ሌሊት የጣለው ዝናብ የጉድጓዱን ጎን ናደው፤ የግድግዳውም ጥግ አብሮ ወረደ። ስንት መቶ ዓመት የቆመ ግንብ አንድ ፊርማ ሲጠብቅ ፈረሰ።

አዋጁን ያሳየኝ ጠበቃ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ግንባታ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማሳወቅ፣ እስኪረከቡትም ድረስ መጠበቅ አለበት። መጠበቅ ማለት ደግሞ እጅን አጣጥፎ ማየት አይደለም! የቅርስ ጥበቃ ባለሥልጣኑ በ6 ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ ሁኔታውን ዘርዝራችሁ ለክልሉ በጽሑፍ አሳውቃችሁ ከኃላፊነት ነፃ መሆን ትችላላችሁ። ይህን ከቢሮዎቹ አንዱም አልነገረኝም።

ስለዚህ «አትንካ» ቢሏችሁም ሸፍኑት። መጀመሪያ መጠኑ እንዲታይ የመለኪያ ሜትር አጠገቡ አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱ። ድንጋዩ ላይ ጨርቅ አልብሱ፤ በተነፋ አፈር መልሱት፤ ውሃ መውረጃ አብጁለት። የምታስገቡት ወረቀት ሁሉ ቅጂው ላይ ቀንና ማህተም ይኑረው። በቃል የተነገረ ነገር መዝገብ ቤት አይገኝም። ቁፋሮውን ከመስቀል በኋላ አድርጉት፤ ግንቦት ላይ እንጀምር የሚላችሁን እሺ አትበሉ። አርክቴክቱም ፕላን የሚነድፈው ከፍተሻው በኋላ ይሁን።

ቤቱን ወደ መንገዱ አስጠግቼ ሠራሁት። ሁለት ክፍል ቀነሰብኝ፤ እሱ አይቆጨኝም። የተረፈው ግድግዳ ጓሮዬ ሥር ተሸፍኖ አለ፤ ኮራሁበት። የሚቆጨኝ የወረደው ጥግ ነው። ማንም መጥቶ ሳይለካው፣ ሳይነድፈው ቀረ።