በደሃ ደንብ ልትከሱ ነው? ወረዳውን አትመኑ

ከአባቴ ውርስ ድርሻዬን ልጠይቅ አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ክስ ለመክፈት ለፍርድ ቤቱ የሚከፈለው የዳኝነት ክፍያ የሚሰላው በምትጠይቁት ንብረት ግምት ነው። የአዲስ አበባ ቤት ግምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። እኔ እንጀራ ጋግሬ የምሸጥ ሰው ነኝ።

መንገዱን ያሳዩኝ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ልጆች ናቸው። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ከቁጥር 467 ጀምሮ፣ ክፍያውን መክፈል ያልቻለ ሰው በደሃ ደንብ፣ ማለትም ሳይከፍል፣ እንዲከስ ይፈቅዳል። ማመልከቻ ጻፍኩ፣ የንብረቴን ዝርዝር ከነግምቱ አያያዝኩ፣ በቃለ መሐላ አረጋገጥኩ። ይሄ ቀላሉ ነው።

ከዚያ ለድህነት ማስረጃ ወረዳ ሄድኩ። መጀመሪያ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። በኋላ ማኅተም የያዘችው ልጅ የለችም። በመጨረሻ አንድ ወጣት ዝርዝሬን ተቀብሎ በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካካ ወረደና «የኤሌክትሪክ ምጣድ» የሚለው ላይ ቆመ።

«እህቴ፣ ምጣድ ካለሽ እኮ ገቢ አለሽ። ደሃ ማለት ጎዳና የወጣ ነው።»

ሕጉ እንደዚያ አይልም። የዳኝነቱን ክፍያ በሙሉ ወይም በከፊል መክፈል አለመቻል ነው መለኪያው። ይህን ስነግረው «እኛ በመመሪያ ነው የምንሠራው» አለኝ። መመሪያውን አሳየኝ ስለው ስልኩን ማየት ጀመረ። ጭራሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምጣዱንና ቴሌቪዥኑን ሰርዤ እንድመጣ መከረኝ! በመሐላ ያረጋገጥኩትን ዝርዝር!

በስንት ልመና የወጣው ደብዳቤ «የወረዳችን ነዋሪ መሆኗን እንገልጻለን» ይላል። በቃ። ስለ ድህነቴ አንድ ቃል የለውም። የተከሳሾቹ ጠበቃ ችሎት ላይ እየጣፈጠው አነበበው። እስካሁን ያቃጥለኛል።

ያዳኑኝ ጎረቤቶቼ ናቸው። ዳኛዋ ቤቴን፣ ሥራዬንና የቤት ኪራዬን ከሚያውቁ የዕድር ሰዎች ቃላቸውን ሰምታ ፈቀደች።

እኔን ብትሰሙ፣ ምስክሮቻችሁን ቀድማችሁ አዘጋጁ። የደብዳቤውን ቃል ራሳችሁ ጽፋችሁ ሂዱ፣ እነሱ ማኅተም ይምቱበት። ከዝርዝሩ ማንኪያ እንኳ አትቀንሱ፤ ቤታችሁን የሚያውቀው ተከራካሪያችሁ ነው፣ በተለይ ዘመድ ከሆነ።

ፈቃዱ የጠበቃ ገንዘብ አይሸፍንም። ሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ጠይቁ። ክርክራችሁ ከአሠሪ ጋር ከሆነ ደግሞ ወረዳ ድርሽ አትበሉ፤ የሠራተኛ ክስ ከመጀመሪያውም የዳኝነት ክፍያ የለበትም።